አራተኛዋን አታጨብጭቡ

ክብርት ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ለዚህ ዝግጅት ለለፋችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አበባው ያምራል። የተቀመጣችሁባቸው ወንበሮችም ከሙዚቃ ክፍሌ የመጡ መሆናቸውን አይቻለሁ፤ እኔ ሳልወጣ እነሱ ቀድመውኝ ወጡ።

ዳይሬክተራችን ቅድም «እርስዎ መቼ ሄዱና! ድምፅዎ ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል?» አሉኝ። አለ። የምሸኘውም እኮ በዚሁ ምክንያት ነው። የሙዚቃ ታሪኩንም ንድፈ ሐሳቡንም «ለመጠባበቂያ» ተብዬ ካሜራ ፊት አስተማርኩ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ትርፍ ሆኜ የተገኘሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው፤ ማንን እከሳለሁ?

እሺ፣ ዘመን ነው። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ከማላውቃቸው መምህራን በስልኬ ስንት ነገር ተምሬያለሁ። ባለፈው ፌርማታ ላይ አንዲት ልጅ አወቀችኝና ተቃቀፍን። ትንሽ ስናወራ ግን ፊቷ ተለወጠ። «መምህርት፣ አመመዎት እንዴ? አነጋገርዎ ዝግ አለብኝ።» ለካስ የምታዳምጠኝ በእጥፍ ፍጥነት ነው! ሳቅሁ። የስንት መቶ ዓመት ታሪክ በአሥር ደቂቃ ጨርሳዋለች፤ ጎበዝ ናት።

ያልሳቅሁበትን ልንገራችሁ።

የሙዚቃ እረፍትን ትምህርት ታስታውሳላችሁ? ግማሾቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁ። ሦስቱን ምት እናጨበጭባለን፤ አራተኛዋ ላይ እጅ ተዘርግቶ ዝም ነው። አራተኛዋን ያጨበጨበ ክፍሉን ይጠርጋል። ባዶዋም ምት ሙዚቃ መሆኗን ያስተማርኳችሁ በመጥረጊያ ነው።

ቀረጻውን የሚያቀናብረው ወንድማችን፣ «መቀስ» የምንለው፣ ዝምታን ሁሉ ራሱ እየፈለገ የሚቆርጥ ፕሮግራም አለው። የእረፍቱንም ትምህርት እዚያ ውስጥ ከተተው። አሁን ቪዲዮው ላይ «ዝም ብላችሁ አዳምጡ» እላለሁ፤ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ «አራተኛዋን ሰማችኋት አይደል?» እላለሁ። ከሥሩ አንድ ተማሪ «ምኗን?» ብሎ ጽፏል።

ምኗን! ዕድሜዬን የሰጠኋት ትምህርት ናት።

መልሱልኝ ብዬ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። «ሰው ቪዲዮው ዝም ሲልበት ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለውና ይወጣል» ተባልኩ። እኔ የማውቀው «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ነው፤ እዚህ ቤት ግን ነቀዘ ተብሎ ተጣለ። ከሥራ መውጣቴ አይደለም የሚያንገበግበኝ። በእኔ ፊት፣ በእኔ ድምፅ፣ እኔ ያላስተማርኩት ነገር ሲሰጥ መኖሩ ነው። ተቆጥቻለሁ፤ በአበባም አይበርድልኝም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። የሚያዳምጣችሁ ጆሮ አትጡ። ያስተማራችኋቸው ይብለጧችሁ። የእናንተም ተራ ሲደርስ እረፍታችሁን የሚቆርጥ አይዘዝባችሁ።

መቀስ፣ እየቀረጽክ ነው አይደል? ጥሩ። ያቺን ትምህርት አሁን እንደገና እሰጣታለሁ፤ በወንድምነትህ፣ እንዳለች አኑርልኝ። ሁላችሁም እጃችሁን አዘጋጁ። አራተኛዋን አደራ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

…

ማን ነው ያጨበጨበው?

አይ ክብርት ዳይሬክተር! መጥረጊያው እንደ ድሮው ከበሩ ኋላ ነው።