ሊያ ያጎረሰቻቸው ሴትዮ

በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ ሊያ፣ ታማዚግት ተማርኩ ብላኝ አረፈች! የሰሜን አፍሪካ ቋንቋ ነው፤ ሬስቶራንት ገብቶ ለማዘዝ የሚበቃውን ያህል ከስልኳ ለቃቅማለች። ብናደድም፣ ልሞክረው ስትለኝ ከሰፈራችን ከስካይላይን ተነስተን እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የሞሮኮ ምግብ ቤት ወሰድኳት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ሊያ «አዙል» ብላ ሰላም አለቻቸው፤ «አማን» ብላ ውሃ፣ «አግሩም» ብላ ዳቦ አዘዘች። ሴትዮዋ ደነገጡ። ምግቡን ራሳቸው ይዘው መጡና አጠገቧ ተቀምጠው በቋንቋቸው ያወሯት ጀመር። ሊያ የምታውቀው ቃል አለቀባት።

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዳቦውን ቆርሳ፣ ወጡን አጥቅሳ፣ እጇን ወደ ሴትዮዋ አፍ ዘረጋች። እኔ ላጉርስሽ ስላት «ማም፣ ኖ!» ብላ ፊቷን የምታዞረው ልጅ! ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ሸሸት ሲሉ ጠጋ ብላ «በሞቴ!» አለቻቸው። በአማርኛ! ይቺን ቃል መቼ እንደያዘቻት እንጃ። ሴትዮዋም እንደገባቸው ሁሉ እየሳቁ ጎረሱላት።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሊያ ዞር ብላ ስታየኝ ተራዬን የምጠብቅ መሰላት መሰለኝ፣ እኔንም አጎረሰችኝ።