ኳ ኳ የሚለው ሞተር

ስለዚያ የአብዮት ዘመን ባዕድ አገር ተቀምጬ ያላነበብሁት መጽሐፍ የለም፤ የሳቅንበትን ቀን ግን ማንም አልጻፈውም። ባሕር ዳር ጸሐፊ ሳለሁ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ሞተሩ ኳ ኳ ይል ጀመር። ካድሬያችን ሾፌሩን ጋሽ ይርሳውን፣ «ይሄ አሻጥር ነው! ሞተሩ ተበላሽቶ ከተገኘ ትታሰራለህ» አላቸውና ሹም አቦ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ይዞን ሄደ። መካኒኩ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። «ሞተሩስ ጤነኛ ነው» አለና እጁን ከባትሪው ጀርባ ሰደደ። አጠገቡ ነበርሁና አየሁት፤ ካድሬው ከመኪናው ውስጥ ያስነቀለውን የጊዮርጊስን ሥዕል ጋሽ ይርሳው እዚያ በሽቦ አስረውታል፤ ሽቦው ላልቶ ክፈፉ ብረት ይመታል።

«ምንድን ነው?» አለ ካድሬው ከኋላችን። ጋሽ ይርሳውን ላብ አጠመቃቸው። «ብሎን ላልቶ ነው፣ ጓድ» አለ መካኒኩ፣ ሽቦውን በፒንሳ እያጠበቀ። ወደ ሾፌሩ ጆሮ ጠጋ ብሎም፣ «አባቴ፣ ሰማዕቱን እንዲህ ያንገላቱታል?» አላቸው። ካድሬው ደስ ብሎት ጋቢና ገባ፤ ለሥራ እስከምንሄድበት እስከ ዱርቤቴ ከተማም ሃይማኖት ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ሲያስተምረን ሄደ። ጊዮርጊስ ከፊት ከፊት፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ይመራን ነበር።