የላቦራቶሪው የቅዳሜ ቁልፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የኮሌጃችን ኃላፊ ዶክተር መዝሙር፣ አስተማሪዎች፣ የጽዳትና የጥበቃ ጓደኞቼ፤ ስላለበሳችሁኝ ጋቢ እግዚአብሔር ያልብሳችሁ። ሸጋ ጋቢ ነው። ከሞትኩ በኋላ ብታለብሱኝ ኖሮ አላየውም ነበር።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን ትናንት ለጸሐፊያችን ለወይንሸት ነግሬያት በወረቀት አስፍራዋለች፤ ብስት ታርመኛለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ብዕሯን አቁማ፣ "አያ ስማቸው፣ ይኼስ ይቅር" አለችኝ። "የኔን ቃል ጻፊ እንጂ የራስሽን አትጨምሪ" አልኳት። እዚያ ስንደርስ ታውቁታላችሁ።

ከማራኪ ሰፈር በእግሬ እየተመላለስኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ላቦራቶሪ ጠርጌያለሁ፤ ብርጭቆ አጥቤያለሁ፤ ማይክሮስኮፕ ወልውያለሁ። አስተማሪው ሲያሳይ ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። መሣሪያውን ማስተካከል አውቃለሁ። እዚህ ከተቀመጡት ከአንዳንዶቹ አስተማሪዎች ይበልጥ አውቃለሁ። አትሳቁ፤ እነሱም ያውቁታል።

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው። ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የነበረው ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ወንበር ስቦ፣ መሣሪያውን ወደ ራሱ ያዞራል። የደጋው ልጅ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ምነው? እኛ ነና ያሳደግነው! "የሰው ዕቃ አትንካ፤ ታላቅህን ሁለት ጊዜ አትጠይቅ" እያልን። ጨዋ ልጅ ነው። እዚህ ሲመጣ ጨዋነቱ ይጥለዋል። እናንተም "መሠረት የለውም" ትሉና ታልፉታላችሁ።

ሰነፍ የለም አልልም። አለ፤ ሲያንቀላፋ በመጥረጊያዬ እንጨት ቀስቅሼዋለሁ። እጁን ያጣመረውን ግን ከሰነፉ ጋር አትደባልቁብኝ።

ወይንሸት ይቅር ያለችኝ እዚህ ላይ ነው።

ልጄ ቢያዝን እዚሁ ተምሯል። ያደገው እናቱ አገር፣ ድብ ባሕር ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የጤና ትምህርት ደረሰው። ያን ሰሞን መጥረጊያዬን እንደ ጠመንጃ ተሸክሜ ነበር የምሄደው። በመጀመሪያው የተግባር ፈተና "በማይክሮስኮፑ ያያችሁትን ሣሉ" ተባሉ። ሣለ። አስተማሪው ወረቀቱን አንሥቶ ለተማሪው ሁሉ አሳየው፤ ክፍሉ አውካካ። ልጄ የሣለው የገዛ ዓይኑን ሽፋሽፍት ነበር። ዓይኑን መስታወቱ ላይ ለጥፎት ሌላ ምን ይታየው? እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክፍል መግባት ፈራ። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ አልበቃ ብሎ ተሰናበተ። "አባዬ፣ መሣሪያውን እዚህ ከመምጣቴ በፊት ነክቼው አላውቅም እኮ" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "ሰነፍ! በሰው ፊት አዋረድከኝ" አልኩት። በማግስቱ ወደ መተማ ወረደ። ይኸው አሥራ አራት ዓመቱ፤ የጭነት ማኪና ይነዳል። ለበዓል ይደውላል። "እንደምን ከረምክ?" "ደኅና።" በቃ።

ልጄ በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማይክሮስኮፑን ስወለውል፣ አንዲት አዲስ ተማሪ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ወደ ኋላ።

"ምነው ቆምሽ?"

"ዝም ብዬ ነው፣ አያ።"

"ዝም ብሎ የሚቆም ግንድ ነው።"

"ላየው ብዬ... መንካት ይከለከላል?"

የትነበርሽ ትባላለች፤ የደጋ ገበሬ ልጅ። የመሣሪያውን ክፍሎች ስም በእንግሊዝኛ ከላይ እስከ ታች ወረደችው፤ ካህን ዳዊት እንደሚደግም።

"ይኼን ሁሉ እያወቅሽ ምነው ትፈሪዋለሽ?"

"የማውቀው ሥዕሉን ነዋ! ትምህርት ቤታችን አንድ ነበረው፤ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ርእሰ መምህሩ ፈርመው ስለተረከቡት፣ እንዳይሰበርባቸው ቆለፉበት።"

እጇን ይዤ ማዞሪያው ላይ አኖርኩት። "ንኪው፤ አይነክስም። ዓይንሽን ትንሽ ራቅ አድርጊው። አሁን ቀስ ብለሽ አዙሪ።" ከመስታወቱ ሥር ያደረግኩላት የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ነበር። ድንገት ጮኸች፤ "አያ! እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድሯል!"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እፍኝ ሽንብራ ቆርጥሞ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ያን ያህል ጊዜ ለልጄ አልሰጠሁትም። እያወቅኩ! "አንደኛ ለወጣ ልጅ መሃይም አባቱ ምን ያሳየዋል" ብዬ ኮርቼ ዝም አልኩ። ኩራቴ ልጄን ጣለው።

ከዚያ ጀምሮ፣ በኃላፊዎቹ ፈቃድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ከፍቻለሁ። አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን ሃያ ልጅ ይመጣል። የትነበርሽ ዛሬ ደባርቅ ውስጥ የደም ምርመራ ትሠራለች። ሁሉም አለፉ አልልም፤ የወደቀ አለ። ሳይነካ የወደቀ ግን የለም።

አሁን ጡረታ ወጣሁ። "ሰኞ ቁልፉን ለንብረት ክፍል አስረክብ፤ ፈርመው ይረከቡሃል" ተባልኩ። ፈርመው! ያችን ሳጥን አሰብኳት። የንብረት ክፍል ሰዎች፣ አትቀየሙኝ፤ ቆልፎ መጠበቅ ሥራችሁ ነው። ቁልፉን ግን ለእናንተ አልሰጥም።

ዶክተር መዝሙር፣ ማክሰኞ ዕለት "ቅዳሜን ማን ይከፍታል?" ብዬ ብጠይቅዎ፣ "እናስብበታለን" አሉኝ። እኔ ስለ ልጄ ሳስብ አሥራ አራት ዓመት ፈጀሁ። አዲሶቹ ተማሪዎች የሚገቡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እኔ ነገ መተማ እወርዳለሁ። በስልክ የማይባል ቃል አለኝ። "ቢያዝን፣ ሰነፍ አልነበርክም፤ ያላሳየሁህ እኔ ነኝ" እለዋለሁ። ይቅር ማለትና አለማለት የእሱ ነው።

ለእናንተ ግን እጃችሁን ይባርክላችሁ። የምታክሙት ይዳን፤ የምታስተምሩት ይብለጣችሁ። ስታረጁ በተማሪዎቻችሁ እጅ ታክማችሁ የልጅ ልጅ እዩ። እጁን አጣምሮ የገባ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይውጣ። አሜን በሉ እንጂ!

ዶክተር፣ ቁልፉ ይኸው። ምነው፣ እርስዎም እጅዎን ወደ ኋላ አጣመሩ? ይዘርጉት። ይንኩት፤ አይነክስም።