ከሁለተኛው ቃል አጠገብ የተጻፈው

ከሓድነት ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ የሐኪም ወረቀት አውጥተው አጠገባቸው ላለች የሕክምና ተማሪ አሳዩዋት። ልጅቷ ከሌላ ክልል የመጣችና ቋንቋቸውን የማትችል ስለሆነች በአማርኛ ነበር የሚያወሩት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህ ቃል ምንድን ነው?»

«ዲያግኖሲስ። በሽታውን ለይቶ ማወቅ ማለት ነው፣ አባቴ።»

«እሱንስ ነግረውኛል፤ ጉበት ነው። ከታች ያለውስ?»

«ፕሮግኖሲስ። ሁለቱም ‹ማወቅ› ከሚል የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው። ይሄኛው...»

«እህ?»

«በሽታው ወደፊት እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ነው።»

«ወደፊቱን? ግሪኮች ደፋሮች ናቸው በይኛ!»

«ግምት ነው እንጂ።»

«እሺ፣ አጠገቡ ምን ብለው ገመቱ?»

«ዶክተሩ አልነገሩዎትም?»

«ቤተሰብ ይዘው ይምጡ አሉኝ። ልጄን ወሰድኩት። የነገሩት ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ደህና ነህ ይለኛል። እሱ ራሱ ግን እህል ከተወ ሳምንቱ።»

«እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ...»

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«የቐንየለይ፣ ጓለይ፤ አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ ልጄን አውቄዋለሁ እለዋለሁ። ብቻውን ተሸክሞት ከረመ።»

ባለፈው ወር የቀበርኩት ወንድሜ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቶኝ «ትድናለህ ይላል» ብዬ ያልተጻፈውን አንብቤለት ነበርና፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።