ማን ቀድሞ ያንኳኳ?

ከማዮ ሰፈር ወደ ዐማራት ሰፈር በሚሄደው ሃፍላ በሚባል የከተማ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ወሬ ገጠሙ።

«ልጄ እንግሊዝኛ ልታስተምር ጃፓን ሄዳለች። ገና በሦስተኛ ሳምንቷ ልመለስ እያለች ታለቅሳለች።»

«ምን ሆና፣ እትዬ?»

«አንድ ጎረቤት እንኳ አንኳኩቶ እንኳን ደህና መጣሽ አላለኝም ብላ።»

«ውይ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«እነሱም ተቀይመዋል! እዚያ ስጦታ ይዞ የሚያንኳኳው አዲስ ገቢው ነው አሉ። አብራት የምታስተምር የአገሩ ልጅ ነገረቻት።»

«ወላሂ? ታዲያ ሄደች?»

«ትናንት አብረው ሳሙና ይዘው ሄዱ። ፊት ለፊቷ ያሉት አሮጊት ‹ሰው የማትወጂ መስሎኝ ነበር› አሏት።»

«አሁንስ ትመለሳለች?»

«ኧረ ወዲያ! ዛሬ ስደውል ‹እማዬ፣ እንግዳ አለብኝ› ብላ ዘጋችብኝ።»

መውረጃዬ እስኪደርስ፣ ከደጄ ትይዩ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ለማስታወስ ሞከርኩ።