ለአማች የማይቀርብ እህል

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሳለሁ፣ ከብቶቻችንን በመዥገር መድኃኒት በምንነክርበት ገንዳ አጠገብ ጎረቤቴን አቶ ማዶንዶን አገኘኋቸው። ከእህታቸው ልጅ ከሹቫይ ጋር ተራ ይጠብቁ ነበር። ሹቫይ የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ወረዳችን ወደ ጉቱ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሽማግሌው በማግስቱ ማሳቸውን በሙሉ በቆሎ ሊዘሩ አስበዋል፤ እርሷም ልታስተዋቸው ትከራከራለች።

«አጎቴ፣ በቆሎውን እታች እርጥቡ መሬት ላይ ብቻ ያድርጉት። አሸዋማው ላይ ማሽላ ይዝሩ። ዝናቡ ጥር ላይ ቢቆምስ?»

«ማሽላ የጠላ እህል ነው። በመከር አማቼ ከነዘመዶቹ ሲመጣ ቀይ ሳድዛ፣ የማሽላ ገንፎ ላብላው? ማዶንዶ ደኸየ ይበሉኝ?»

«ከባዶ ሳህን ቀይ ይሻላል።»

«ትምህርት ቤት የላክንሽ ምላስሽን እንዲስሉልሽ ነው እንዴ?»

«የእህት ልጅ አጎቷን ካልተናገረች ማንን ትናገር?»

በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ አጎቷን ደፍራ መናገሯ ወግ ነውና ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በቤታቸው ስምንት ሰው ይበላል፤ ካለፈው ድርቅ የተረፏቸውም ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው።

«ወፉንስ ማን ይጠብቃል? ውቂያውስ? ገለባው ገላ ይበላል፤ አክስትሽን ጠይቂያት።»

«እውነት ነው፣ ያደክማል» አለች። ይህን አለመሸሸጓን ወደድኩላት። «ግን በድርቁ ዓመት ለዝናብ ልመና ለአያቶቻችን መንፈስ ያፈሰስነው ጠላ በምን እህል ነበር?»

«በማሽላ ነዋ።»

«ከየት የመጣ?»

«አክስትሽ ከቤት ጀርባ የዘራችው።»

«የእርስዎ በቆሎስ?»

«ታውቂያለሽ። አበባ ላይ ሳለ ደረቀ።»

«እንግዲህ አያቶቻችን ከእጃችን ጠጡ፤ እኛ ግን ጆንያ ይዘን ለእርዳታ እህል ተሰለፍን።»

የአቶ ማዶንዶ በሬዎች ተራቸው ደርሶ ወደ ገንዳው ዘለው ገቡ፤ ሲወጡም ውኃው ከላያቸው ሲንጠባጠብ ሽማግሌው ያዩ ነበር።

«ለአያቶች የሚሰጥ እህል ለአማች ያንሳል ማለት ከባድ ነገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «አሸዋማው ማሽላ ይሁን። ወፉን ግን አንቺም ትጠብቂያለሽ።»

«እጠብቃለሁ።»

ዝናቡ ከገና በኋላ ቆመ። በመንደራችን የብዙው ሰው በቆሎ እንደቆመ ደረቀ። የማዶንዶ ማሽላ ጎተራ ባይሞላም ስምንቱን እስከሚቀጥለው ዘር አደረሳቸው፤ በሬዎቹም አልተሸጡም። አማችየው በመጣ ጊዜ ሽማግሌው «ዘንድሮ ቤታችን የሚበላው ይህ ነው» አሉት። እርሱም እጁን ታጥቦ በላ።

አንባቢ ሆይ፣ በቆሎን አልነቅፍም። ነገር ግን ዝናቡ በማይታመንበት አገር ማሳን በሙሉ ለአንድ እህል መስጠት ቤተሰብን ለአንድ ደመና አደራ መስጠት ነው። ማሽላ ድካሙ ብዙ ቢሆንም ድርቁን ይችላል። እህልን በቀለሙ ማክበሩን ትተን ልጆቻችንን ስንት ወር እንደሚያሳድር ብንመለከት ይበጀናል።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ርቋል። የንግግሩን ተራ ወይም የወሩን ስም ተሳስቼ ከሆነ፣ በዚያ ቀን ገንዳው አጠገብ የነበራችሁ አርሙኝ።