ሐራጁን ያስቆመው ሰው

ክቡር ዳኛችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወይዘሮ ቡርቱካንም ሆቴላቸውን ለዛሬ ሙሉ በሙሉ ለቀውልናል። የታረዱት በጎች ሁለት ናቸው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ ጓዳ ገብቼ በዓይኔ አየሁ። ሐራጅ ባይ ያላየውን ዕቃ አያምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት የፍርድ ቤታችን ሐራጅ ባይ ሆኜ በነገሌ ገበያ ቆሜ ጮኬአለሁ። በቅሎ ሸጫለሁ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሸጫለሁ፣ ጎማ የሌለው ካሚዮን ሸጫለሁ። እኔ ገብረአምላክ ጠርቼው ገዢ ያጣ ዕቃ ካለ እስቲ አንድ ሰው እጁን ያውጣ! የለም። እንደሌለ አውቄ ነው የጠየቅኩት።

የመጀመሪያዬን ሐራጅ የምታስታውሱ አላችሁ? ከሰሜን ገና መምጣቴ ነው፤ ሐራጅ ማለት ሰው እየተሻማ የሚጮህበት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ኮርቻ አወጣሁ። አንድ ሽማግሌ «አንድ ብር» አሉ። ከዚያ ገበያው እንዳለ ዝም አለ። «ምነው፣ ኮርቻው አልጣማችሁም?» ብል አስተርጓሚዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሽማግሌ ተናግሮ ማን ይጨምራል?» አለኝ። ኮርቻው በአንድ ብር ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹን «እባካችሁ፣ እናንተ መጨረሻ ላይ ተናገሩ» እያልኩ መለመን ያዝኩ። አገሩን አወቅኩት አልኩ። በዚህ እንዴት እንደምኮራ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማወራለት እሱን ነው።

ያ አስተርጓሚ አቶ ዳባሶ ጣዲቻ ናቸው። አዎ፣ እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጡት የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ። አብዛኞቻችሁ በዘበኝነት እንጂ በአስተርጓሚነት አታውቋቸውም። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልነግራችሁ ነው ዛሬ የቆምኩት።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ሙሴ ኒኮላ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ እዚሁ ከተማችን አረፈ። ወራሽ አልተገኘም፤ ንብረቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ታዘዘ። ሱቁ ከፊት ለፊት ጨውና አቡጀዲ ነው። ጓዳው ግን ሌላ ነገር ነበር! የብራና ዳዊት፣ የብር መስቀል፣ በቆዳ የተደጎሰ የላቲን መጽሐፍ፣ በዘይት ቀለም የተሳለ ትልቅ ሥዕል። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ ነገር ሲሰበስብ ኖሯል። ዝርዝሩን ለመጻፍ ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ።

የሐራጁ ዕለት ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። ዳዊቱን አንድ ቄስ ወሰዱት። የላቲኑን መጽሐፍ፣ ምስጥ ዳርዳሩን የቀመሰውን፣ መምህር ሙሉነህ ገዛው፤ እስከ ዛሬ እያነበብኩት ነው ይላል፣ እኔ ከራሴ አልጨመርኩም። ሥዕሉ የባሕር ሥዕል ነበር። ከብት በተራ ከሚጠጣበት ከዱብሉቅ ኤላ፣ ከጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ቢያዩት ቢያዩት አልገባቸውም። «ይህ ሁሉ ውሃ የማን ነው? የከብቱን ተራ የሚይዘውስ ማነው?» አሉ። ተራ የሚይዝ የለም አልኳቸው። «እንግዲያ ውሸት ነው» ብለው ሄዱ። በመጨረሻ ወይዘሮ ቡርቱካን ገዙት፤ ይኸው ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።

ከዚያ ከአንድ ሣጥን ሥር በቆዳ የተጠቀለለውን ዕቃ አወጣሁ። ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር የሚመስል ብረት ነው። ዝርዝሩ ላይ «የብረት ጌጥ፣ ብዛት አንድ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ምን እንደሆነ አቶ ዳባሶን አልጠየቅኳቸውም። ለምን ልጠይቅ? አገሩን አውቄው የለ!

ከፍ አድርጌ አሳየሁት። በጥፍሬም ቆርቆር አደረግኩት፣ ድምፁ እንዲሰማ። ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ሊለቅም የመጣ አንድ ባለ ጥቁር መነጽር ነጋዴ ዋጋ ጠራ። ቦረናዎቹ ግን ጸጥ አሉ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ሽማግሌ እየጠበቁ ነው አልኩ በልቤ። ከፊት ወደ ቆሙት አዛውንት፣ ወደ ኦቦ አብዱባ ዞሬ እየሳቅኩ «በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ እርስዎ ይጀምሩልን!» አልኩ። ኦቦ አብዱባ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

«ተርጉምላቸው እንጂ!» አልኩ ወደ አቶ ዳባሶ ዞሬ። ያኔ አንተ ነበር የምላቸው፣ በዕድሜ ቢበልጡኝም።

«ይህን አልተረጉምም» አሉኝ።

በሕዝብ ፊት! ደሜ ፈላ። «አንድ ጊዜ!» አልኩ። «ሁለት ጊዜ!» አልኩ። ለሦስተኛው እጄን አነሣሁ። ሦስተኛው ከተጠራ ዕቃው ለነጋዴው ይሄዳል፣ መመለሻም የለውም።

«ይቁም! የኔ ነው!» አሉ አቶ ዳባሶ።

ደንቡን ታውቃላችሁ። ከሦስተኛው ጥሪ በፊት የኔ ነው የሚል ሰው ከተነሣ ሐራጁ ቆሞ ነገሩ ለዳኛ ይቀርባል። ደንቡን ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ።

በማግሥቱ የዚያን ጊዜው ዳኛ «ዕቃው ያንተ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አይደለም ጌታዬ። ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

«በዚህ ነገር ላይ ዋጋ አይጠራም። እኛ ዋጋ ከጠራንበት ሸቀጥ አደረግነው። ዝም ካልን ደግሞ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ከመዋሸት በቀር ምን ቀረኝ?»

«ታዲያ ባለቤቱ ማነው?» አሉ ዳኛው።

ኦቦ አብዱባ ተነሡና «የማንም አይደለም። እኛ ነን የሱ» አሉ።

ስሙ ካላቻ እንደሚባል፣ አባቶቻቸው በግንባራቸው አስረው የሚመርቁበት የተከበረ ነገር እንደሆነ፣ ከቦታው ተሰርቆ ሙሴ ኒኮላ እጅ እንደገባ የሰማሁት እዚያ ችሎት ላይ ነው። ዳኛው ወደ ቦታው እንዲመለስ ወሰኑ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ብዙዎቻችሁም ታሪኩን ሰምታችሁታል፤ የሰማችሁት ግን ሐራጁን ያስቆምኩት እኔ ሆኜ ነው። ማን እንደነገራችሁ ታስታውሳላችሁ? እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከችሎቱ እንደወጣሁ በንዴት ቁጭ ብዬ «ሐራጅ ያወከ ሠራተኛ» የሚል ክስ ጻፍኩ። አቶ ዳባሶ ከአስተርጓሚነት ተነሥተው በር ላይ ተመደቡ። ለበላይ በላክሁት ሪፖርት ግን «ዕቃው የተከበረ ቅርስ መሆኑን በመጠርጠሬ ሐራጁን አስቁሜ ለዳኛ አቅርቤአለሁ» አልኩ። የላይኞቹ የኔን ወረቀት እንጂ መዝገቡን አላዩም። የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። በመስተዋት አስገብቼ ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩት፤ ዘጠኝ ዓመትም እዚያው ኖረ።

ይህ ብቻ መሰላችሁ? በዚያ ነገር ላይ «የኔ ነው» ማለት በወገኖቻቸው ዘንድ ቀላል ጥፋት አልነበረም። ጊደር እየነዱ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደዋል። ፈቃድ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ሲመለሱም ያለ ፈቃድ ቀርተዋል ብዬ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋቸው።

ደብዳቤው የመጣ ዕለት በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። «እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። ሽሙጥ ፈለግኩበት፤ አልነበረበትም። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ደብዳቤውን ግን አላወረድኩትም።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዬን ሳጸዳ አወረድኩትና ይዤው ወደ በሩ ወጣሁ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አንድ ቃል አልተናገሩኝም?» አልኳቸው።

«ካላቻው አገሩ ገባ። ናጋ ነው፣ ሰላም ነው። ወረቀቱ የእርስዎ ጭንቀት ነው እንጂ የኔ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አሳምሮ አስጨንቆኛል።

ስለዚህ ትናንት ጠዋት መዝገብ ቤት ገባሁ። ወይዘሪት ሮማነወርቅ መዝገቡን አቧራውን ጠርጋ አወጣችልኝ። ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ላንብብላችሁ፦ «ካላቻውን ከመሸጥ ያዳነው አስተርጓሚው አቶ ዳባሶ ጣዲቻ ነው። እኔ ልሸጠው እጄን አንሥቼ ነበር። በሪፖርቴ ያልኩት ሐሰት ነው። በሠራተኛው ላይ የጻፍኩት ክስም ሆነ ማስጠንቀቂያ ያለ አግባብ ነበር።» ማኅተም ተመትቶበታል። አንድ ቅጂ ለክቡር ዳኛችን ደርሷቸዋል። አቶ ዳባሶን ወደ ሥራቸው መመለስ የእርሳቸው ሥልጣን ነው፤ እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ሰኞ ሰኞ እየመጣሁ እጠይቃለሁ። ድምፄን ደግሞ ታውቁታላችሁ!

አንገቴን ደፍቼ እየተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ሐራጅ ባይ ነበርኩ፤ ከእኔ የተሻለ ክብረ መንግሥትም ተልተሌም ሄዳችሁ አታገኙም። ኑሮዬም እዚሁ ነገሌ ነው። በዚህ ከተማ መንገድ ቀና ብዬ መሄድ ስለምፈልግ ነው ሁሉን ያወጣሁት።

አቶ ሞሉ፣ ከነገ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው። ያልገባህን ዕቃ ከመጥራትህ በፊት ጠይቅ። አገሩን አውቄዋለሁ ያልክ ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቅ።

ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁ ይቃና። የምትፈርሙበት ሁሉ እውነት ይሁን። ዝናሙ በወቅቱ ይድረስላችሁ፣ ኤላው አይንጠፍ፣ ከብቱም ሰውም ይርካ። ልጆቻችሁ ከእኛ የተሻሉ ይሁኑ። ለእኔ ካሳያችሁት ፍቅር እጥፉን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

ምግቡ ቀርቧል፤ የሚመርቅልን ሽማግሌ ያስፈልጋል። አቶ ዳባሶ፣ በድዬዎታለሁና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ። ከበሩ አጠገብ ይነሡና እዚህ፣ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ። በራስዎ ቋንቋ ይመርቁን፤ በአሥራ ስምንት ዓመት እኔም ለምጄዋለሁ። ዛሬ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።